የብርጭቆ ዓሣችሁ የማን ሥራ ነው? ሙራኖ፣ ቦሄሚያ፣ ፈረንሳይ ወይስ ቻይና

እናቴ ቤት፣ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ሳሎን ቡፌው ላይ አንድ የብርጭቆ ዓሣ አለ። ውስጡ የማር ቀለም ነው። ማሩን አረንጓዴ ከቦታል። ከሁሉም በላይ ጥርት ያለ ወፍራም ብርጭቆ ለብሷል። አባቴ የሽሚንደፈር፣ የባቡሩ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ለጥምቀት ከጅቡቲ ሲመለስ በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣው ነው። ልጆች እያለን መንካት ክልክል ነበር። አቧራውን የምትወለውለው እናቴ ብቻ ነበረች።

ቤታችን ውስጥ ስሙ «የጣልያኑ ዓሣ» ነው። ማን እንዲህ እንዳለው የሚያስታውስ የለም። ድሬ ላይ ቀለም ያለው የብርጭቆ እንስሳ ሁሉ በጣልያኗ የብርጭቆ ደሴት ስም «ሙራኖ» ይባላል። ጥርት ያለው ሁሉ ደግሞ «ክሪስታል» ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የድሮ ዕቃ ነጋዴ ቤት መጥቶ ዓሣውን አነሳ። ገልበጥ አደረገውና «ይሄማ ቻይና ነው፤ አምስት መቶ ብር ልስጣችሁ» አለ። እናቴ ዝም አለች። እኔ ተናደድኩ፤ ግን የምመልስለት አልነበረኝም። ቻይና ነው ወይስ አይደለም? በምን አውቃለሁ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ያዝኩት። የዘመድ ቡፌ፣ የጎረቤት መደርደሪያ፣ ሐረር ያሉ ጓደኞቼ ቤት ሳይቀር እየገለበጥኩ ሳይ ከረምኩ። እስካሁን የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ስለ ውጭ ፋብሪካዎች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከስም ስለሚጀምር ነው። ስቲከሩን ያያል፤ ኢንተርኔት ላይ የሚመሳሰል ፎቶ ያገኛል፤ በቃ፣ አለቀ። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ እንዴት እንደተሠራ እወቁ። አሠራሩ አገሩን ይጠቁማል። አገሩ ሲታወቅ የፋብሪካዎቹ ቁጥር ይጠባል። ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም።

መጀመሪያ ገልብጡት

ሶፋ ላይ ተቀመጡና ጭናችሁ ላይ ፎጣ ዘርጉ። እንስሳውን በቀጭን ክፍሉ፣ በክንፉ ወይም በጭራው አታንሱት። ሆዱን ያዙት። ከዚያ ገልብጣችሁ የስልካችሁን መብራት በጎን በኩል አብሩበት። በቀጥታ ካበራችሁበት ያንጸባርቃል እንጂ ምንም አያሳይም።

ብርጭቆ በትኩሱ በእጅ ሲሠራ በብረት ዘንግ ጫፍ ይያዛል። ሠራተኛው በመቆንጠጫ ይጎትተዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ይጠመዝዘዋል። ሲያልቅ ከዘንጉ ይሰበራል። የተሰበረበት ቦታ ጠባሳ ይቀራል። እኔ እምብርት እለዋለሁ፤ እውነትም እምብርት ይመስላል። አንዳንዱ ፋብሪካ እንዳለ ይተወዋል፣ ሻካራ ነው። አንዳንዱ ሞርዶ ያለሰልሰዋል፤ ያኔ ለስላሳ ጎድጓዳ ክብ ወይም ጠፍጣፋ መቀመጫ ታያላችሁ።

በቅርጽ ማውጫ የተጨመቀ ከሆነ እምብርት አይኖረውም። በምትኩ ቀጭን መስመር በጀርባው ወይም በጎኑ ላይ ይሄዳል። የፕላስቲክ አሻንጉሊት ላይ የምታዩት ዓይነት ስፌት ነው። በጥፍራችሁ ብትዳብሱት ይሰማችኋል። በአፍ የተነፋ ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው፤ ለመጠኑ ይቀላል። በጋዝ ነበልባል የተሠራ ደግሞ ትንሽ ነው፣ እግሮቹ እንደ ክብሪት እንጨት ይቀጥናሉ። ተቆርጦ የተሞረደ ከሆነ ገጹ ሁሉ ጠርዝ ጠርዝ ነው፣ እንደ ቀለበት ፈርጥ ያብረቀርቃል።

ይሄን ካወቃችሁ የቀረው በጣም ይቀላል። የተጨመቀ ስፌት ያለበትን ዕቃ «ሙራኖ በእጅ የሠራው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ወዲያው አመስግናችሁት ሂዱ።

ቀለም ያለው ድፍን እንስሳ፦ ሦስቱ ተፎካካሪዎች

ከባዱ ይሄ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ሙራኖ ከቬኒስ ከተማ አጠገብ ያለች ደሴት ናት። ቬኒስ በ1291 የብርጭቆ እቶኖቿን ወደዚያ እንዲዛወሩ አዘዘች። እቶን ቤት ያቃጥላል፤ ከተማዋ ደግሞ በእንጨት የተሞላች ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሥራው እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ሙራኖ አንድ ፋብሪካ አይደለም። ብዙ ፋብሪካና ብዙ ባለሙያ ያለበት ደሴት ነው። ሳልቪያቲ በ1859፣ ቬኒኒ በ1921፣ ቼኔዴዜ በ1946 የተመሠረቱ ናቸው። ሌሎችም ብዙ አሉ። ባለሙያዎቹ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ አሠራራቸውንም ይዘው ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ያለ ምልክት ይህ የእገሌ ፋብሪካ ነው ማለት በጣም የሚከብደው።

የሙራኖ ብርጭቆ በሶዳ (አሸዋው እንዲቀልጥ በሚያግዝ ጨው) የተሠራ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። ሠራተኛው ለመጎተትና ለመቆንጠጥ ጊዜ አለው። ይሄ በዕቃው ላይ ይታያል። ክንፉም ጭራውም ረጅምና ፈሰስ ያለ ነው። ምንም ያልተጣደፈ እጅ ነው የሚመስለው። ሶመርሶ የሚባል አሠራርም አላቸው። ሶመርሶ በጣልያንኛ «የሰመጠ» ማለት ነው። አንዱን ቀለም በሌላው ውስጥ እየነከሩ ይደርባሉ። በ1930ዎቹ ደሴቲቱ ላይ ያደገ ጥበብ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በጣም ተወደደ። ጥሩ ሶመርሶ ላይ ቀለሞቹ የሚገናኙበት ድንበር ንጹሕ ነው። አንዱ ወደ ሌላው አይፈስም። አንዳንዱ ውስጥ ስስ የወርቅ ቅጠል ተበትኖ ታያላችሁ። በፀሐይ ስታዩት እንደ ጤፍ ፍሬ ብትንትን ይላል።

ከሙራኖ እንስሳት መካከል በዓይን የሚለዩም አሉ። አሌሳንድሮ ፒያኖን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለቪስቶሲ ፋብሪካ የነደፋቸው ጫጩቶች እግራቸው የመዳብ ሽቦ ነው። አካላቸው ብርጭቆ፣ እግራቸው መዳብ። አንዴ ያያቸው አይረሳቸውም። ቬኒኒም ብዙ ዕቃው ሥር በአሲድ የፋብሪካውንና የደሴቲቱን ስም ያትም ነበር። ቼኔዴዜ ደግሞ በድፍን የብርጭቆ ጡብ ውስጥ ዓሣና የባሕር አረም ያስገባባቸው ሥራዎች አሉት፤ ሲያዩዋቸው ውኃ ያለበት ሳጥን ይመስላሉ።

ሁለተኛው ተፎካካሪ ቦሄሚያ ነው፣ የዛሬዋ ቼክ። ድሬና ሐረር ቤቶች ውስጥ የቼክ ብርጭቆ መገኘቱ አይግረማችሁ። በደርግ ጊዜ ስንቱ ወጣት ለትምህርት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሄዷል። ሲመለስ ደግሞ ለእናቱ የሚሆን ነገር ይዞ ይመጣል። የድሮው የቦሄሚያ ብርጭቆ በፖታሽ (ከእንጨት አመድ በሚወጣ ጨው) የተሠራ ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ለመቁረጥና ለመቅረጽ ይመቻል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን ቼኮች በትኩሱ የሚሠራ እንስሳም በብዛት ሠርተዋል። ዠሌዝኒ ብሮድ የምትባል ከተማ በ1920 የብርጭቆ ትምህርት ቤት ተከፈተባት። እዚያ ያስተማረው ያሮስላቭ ብሪክታ በትንንሽ የብርጭቆ ምስሎቹ ይታወቃል። ሚሎስላቭ ክሊንገር ደግሞ በዚያው ከተማ ለነበረው ፋብሪካ ብዙ እንስሳት ነድፏል።

ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻለሁ። የቼኩ እንስሳ ቁጥብ ነው። ጌጥ አያበዛም። አንድ ወይም ሁለት ቀለም በጥርት ያለ ብርጭቆ ተሸፍኖ፣ ቅርጹ በጥቂት መስመር ያልቃል። የዓሣው ክንፍ ሦስት ቁንጥጫ ከሆነ ሦስት ነው። ሙራኖው ላይ ግን ሠራተኛው ደስ እንዳለው ታያላችሁ፤ አንድ ክንፍ ላይ አሥር ጊዜ ቆንጥጧል። ይሄ ሕግ አይደለም። ብዙ ዕቃ አይቶ የሚመጣ ስሜት ነው። ስለዚህ በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

ሦስተኛው ቻይና ነው። ቻይና ያሉ ወርክሾፖች የሙራኖን ዓይነት እንስሳ መኮረጅ ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። አሁን ድሬ፣ አሸዋ በሚባለው ገበያ ላይ አዲስ ሆኖ የምታገኙት ባለቀለም የብርጭቆ ዶልፊን በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋልጡት ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ጥርት ማለት የነበረበት ክፍል ግራጫ ወይም አረንጓዴ ድብዝዝ ይላል። ያልታሰቡ የአየር አረፋዎች እዚህም እዚያም ተበትነዋል። ዓይኑ ትልቅ ነጭ ላይ ጥቁር ነጥብ ነው፣ የተደነገጠ ይመስላል። መቀመጫው በችኮላ ተሞርዷል። አንዳንዱ ላይ «የሙራኖ ዓይነት» የሚል ስቲከር አለ። አንብቡት፤ የሙራኖ አላለም።

ግን ፍትሐዊ እንሁን። ሙራኖም ለቱሪስት በችኮላ የሠራው ብዙ ዕቃ አለ። አረፋም ሆን ተብሎ የሚገባበት አሠራር አለ፤ ያኔ አረፋዎቹ እኩል እኩል፣ በረድፍ ወይም እንደ ጉም የተዘሩ ናቸው። እኔ አንድ ምልክት ብቻ አይቼ አልፈርድም። ሦስት ምልክት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ነው የማምነው።

ክሪስታል ነው ወይስ ተራ ብርጭቆ? ሚዛን ይናገራል

ክሪስታል የሚባለው ቃል ብዙ ሰው አታሏል። በድሮው ትርጉም ክሪስታል ማለት እርሳስ የተባለው ማዕድን የገባበት ብርጭቆ ነው። እርሳስ ሲገባ ይከብዳል፣ ብርሃን ይሰብራል፣ ለመቁረጥም ይለሰልሳል። አውሮፓውያን በ1969 ባወጡት ደንብ የእርሳስ ክሪስታል ለመባል 24 ከመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ያስፈልጋል። ጥግግቱም፣ ማለትም ክብደቱ እኩል ቦታ ከሚይዝ ውኃ ጋር ሲነጻጸር፣ ቢያንስ 2.90 እጥፍ መሆን አለበት። 30 ከመቶ ሲሆን ጥግግቱ 3.00 ይደርሳል። ተራ ብርጭቆ 2.5 አካባቢ ነው።

ይሄን ቤታችሁ መለካት ትችላላችሁ። እኔ የኬክ መመዘኛ ዲጂታል ሚዛን ከጎረቤት ተዋስኩ። መጀመሪያ ዓሣውን በደረቁ መዘንኩት፤ 412 ግራም። ከዚያ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ሞልቼ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስኩት። ዓሣውን በጠንካራ ክር ወገቡ ላይ አሥሬ ውኃው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ሙሉ በሙሉ መስመጥ አለበት፣ ግን ታቹንና ጎኑን መንካት የለበትም። እህቴ ትንፋሿን ይዛ ሚዛኑን አነበበች፤ 163። አሁን 412ን ለ163 አካፍሉ። 2.53 ይመጣል። ዓሣችን እርሳስ የለውም። ተራ የሶዳ ብርጭቆ ነው ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ ከሙራኖ ጋር ይስማማል። ሌሎቹን ግን አያስወጣም።

ይሄ ዘዴ የሚሠራው ለድፍን ዕቃ ብቻ ነው። ውስጡ ባዶ ለሆነ፣ ብረት ለተጣበቀበት አይሆንም። ስቲከር ካለው ደግሞ ውኃ ውስጥ እንዳታስገቡት። ስቲከሩ ከወለቀ ማስረጃችሁ አብሮ ሄደ።

ሚዛኑ በጣም የሚጠቅመው ለተቆራረጡት ትንንሽ እንስሳት ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ስም ስዋሮቭስኪ ነው። በ1895 ኦስትሪያ ውስጥ ዋተንስ በምትባል ከተማ ተመሠረተ። የመጀመሪያዋ እንስሳ በ1976 የተሠራች አይጥ ናት። አንድ ሠራተኛ ከመብራት ጌጥ ፍርፋሪ ገጣጥሞ ሠራት፤ ከዚያ ሙሉ መንጋ ተከተላት። የመጀመሪያዎቹ ላይ ኤስና ሲ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያሉት ላይ ደግሞ ስዋን የምትባለው አንገተ ረጅም ወፍ በትንሹ አለች። ምልክቱ ከአተር ፍሬ ያነሰ ነው። የወርቅ ሠሪ ማጉያ መነጽር ካላችሁ ተዋሱ።

አሁን በየሱቁ ያለው የተቆረጠ ድብ፣ ጥንቸል፣ ስዋን አብዛኛው ቻይና የሚሠራው ኬ ዘጠኝ የተባለ ብርጭቆ ነው። ጥሩ ብርጭቆ ነው፤ ለካሜራ ሌንስ የሚሆን ዓይነት ነው። ግን እርሳስ የለውም፣ ጥግግቱ 2.5 ነው። ስዋሮቭስኪ እስከ 2012 ድረስ እርሳስ ይጠቀም ስለነበር የድሮው ይከብዳል፤ ሚዛኑ ወዲያው ይለያቸዋል። ከዚያ በኋላ ለተሠሩት ግን ሚዛኑ አይበቃም። ያኔ ጠርዞቹን እዩ። የስዋሮቭስኪ ጠርዞች አንድ ነጥብ ላይ በትክክል ይገናኛሉ። ርካሹ ላይ አንዱ ጠርዝ ከሌላው አልፎ ይሄዳል፣ ሙጫውም በመገጣጠሚያው ሞልቶ ይፈሳል።

በነገራችን ላይ፣ የድሬ ፀሐይ የዋዛ አይደለም። ድፍን ጥርት ያለ ብርጭቆ መስኮት ላይ አታስቀምጡ። እንደ ማጉያ መነጽር ብርሃን ሰብስቦ መጋረጃ ሊያቃጥል ይችላል። ይሄን በቁም ነገር ውሰዱት።

የፈረንሳዮቹ፣ እና የሐረሯ ወፍ

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆች 1902 ነው። ከባቡሩ ጋር ፈረንሳዮች መጡ። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ የመኑም መጣ። ሲሄዱ ዕቃቸውን ሸጡ፣ ወይም ለጎረቤት ሰጡ። ስለዚህ የፈረንሳይ ብርጭቆ እኛ ዘንድ ከምትገምቱት በላይ አለ። ብዙ ሰው ግን አያውቀውም፤ ምክንያቱም አያብረቀርቅም።

ሐረር ጁገል ውስጥ አንድ ጓደኛ አለችኝ። አያቷ ቤት ገብቼ ነበር። ግድግዳው ላይ በቀለም ያሸበረቁ ሰፌዶች ተሰቅለዋል። ግድግዳው ውስጥ በተሠሩት ቅርጽ ባላቸው ክፍት መደርደሪያዎች ውስጥ ሳህኖችና ኩባያዎች ተደርድረዋል። ከእነሱ መሃል አንዲት ድንቢጥ የምታክል የብርጭቆ ወፍ ተቀምጣለች። የወተት ቀለም አላት፣ ወደ ሰማያዊ የምታደላ። አያትየዋ «ጠዋት ሰማያዊ ናት፤ ማታ ፋኖስ ከኋላዋ ሲሆን ማር ትሆናለች» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ስልኬን ከኋላዋ አበራሁ፤ ወርቅ መሰለች። ከፊት አበራሁ፤ ሰማያዊ ሆነች።

ይሄ ዓይነት ብርጭቆ ውስጡ በጣም ጥቃቅን ነገሮች ተበትነዋል። እነሱ ሰማያዊውን ብርሃን ወደ እኛ ይመልሳሉ፣ ቢጫውንና ቀዩን ያሳልፋሉ። ቀን ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነው፣ ሲመሽ የሚቀላውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። በዚህ ብርጭቆ ትንንሽ እንስሳ የሠሩት ፈረንሳዮች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ሳቢኖ፣ ላሊክ እና ኤትሊንግ።

ወፏ ሥር ምንም አይታይም ነበር። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አመጣን። ለብ ያለ ውኃ ላይ ትንሽ ሳሙና ጠብ አደረግን። አያትየዋ እጄን አይተው «ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ» ይሉኛል። መቀመጫዋን በክብ በክብ ስቦርሽ የስንት ዓመት ጥቀርሻ እየለቀቀ መጣ። መጀመሪያ አንድ ፊደል ወጣ። ከዚያ ሌላ። ሳቢኖ። ከሥሩ ደግሞ ፍራንስ። ፊደሎቹ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ አብረው የተጨመቁ ስለነበሩ አቧራ ሞልቷቸው ነበር እንጂ ሁልጊዜም እዚያው ነበሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳላጥብ «ምልክት የለውም» ብዬ አላውቅም።

ማሪየስ ሳቢኖ ፓሪስ ውስጥ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የታወቀ ነበር። ሥራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ቆመ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ በዚያው ቅርጽ ማውጫ ቀጠለ። ስለዚህ ስሙ ሠሪውን ይነግረናል፣ ዕድሜውን ግን አይነግረንም። ለአያትየዋ እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው። ለእሳቸው ዕድሜው ግድ አልነበረም፤ እናታቸውም ይዘዋት እንደነበር ያውቃሉ።

ላሊክ የበለጠ ስም አለው። ሬኔ ላሊክ በ1920ዎቹ መጀመሪያ አልሳስ ውስጥ፣ ቪንገን ሱር ሞደር ላይ ፋብሪካ ከፈተ። የመኪና አፍንጫ ላይ የሚቆሙ የብርጭቆ እንስሳትም ሠርቷል። በ1925 ለሲትሮየን የሠራቸው አምስት ፈረሶች ይታወቃሉ። ፊርማው በሕይወት እያለ አር የሚል ፊደል ከስሙ በፊት አለው። በ1945 ከሞተ በኋላ ፊደሉ ቀርቶ «ላሊክ ፍራንስ» ብቻ ሆነ። ልጁ ማርክ ደግሞ ሥራውን ወደ እርሳስ ክሪስታል አዛወረው። እንግዲህ ይሄን የሚያውቁ አጭበርባሪዎችም አሉ፤ አዲሱ ዕቃ ላይ ያችን አንዲት ፊደል በመቅረጫ ጨምረው አሮጌ ያስመስላሉ። ፊደሏ ከሌላው ጽሑፍ በጥልቀትም በስፋትም የምትለይ ከሆነ ተጠራጠሩ።

ባካራ በ1764 የተመሠረተ ነው። እንስሳቱ ጥርት ያሉ፣ ከባድ ክሪስታል ናቸው። ከ1936 ወዲህ በክብ ውስጥ የወይን ማንቆርቆሪያና ብርጭቆዎች ያሉበት ምልክት ይታተምበታል። ዳውም ደግሞ የናንሲ ከተማ ልጅ ነው። ብርጭቆውን ፈጭቶ እንደ ሊጥ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሞልቶ ያቀልጣል። ውጤቱ ሰም የሚመስል፣ ለዓይን የሚለሰልስ ነገር ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ

ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ በአፍ የተነፉ ክብ ክብ ወፎች ካያችሁ ፊንላንድን አስቡ። ኦይቫ ቶይካ ከ1972 ጀምሮ የነደፋቸው ናቸው። መቀመጫቸው ላይ ስሙ በእጅ ተጭሮ ይገኛል፤ አጠገቡ የፋብሪካው ስም አለ፣ የድሮዎቹ ላይ ኑታያርቪ፣ ሌሎቹ ላይ ኢታላ ይላል። በወፍራም የክሪስታል ገበታ ውስጥ ከኋላ የተቀረጸ የጉጉት ወይም የተኩላ ፊት ከሆነ ስዊድናዊው ማትስ ዮናሶን ነው የሚጠረጠረው። ስዊድን ያለ ዘመድ ያለው ሰው ቤት አይቼዋለሁ።

ከአሜሪካ የመጣ ስፌት ያለው የተጨመቀ እንስሳ ከሆነ ሁለት ምልክት ፈልጉ። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ የተጻፈ ፌንተን፤ ከሥሩ 8 ካለ የ1980ዎቹ፣ 9 ካለ የ1990ዎቹ ነው። ሁለተኛው በዳይመንድ ቅርጽ ውስጥ ያለች ቢ ናት፤ ቦይድ ይባላል፣ ከ1978 እስከ 2014 ኦሃዮ ውስጥ ሠርቷል።

በነበልባል የተሠሩትን ትንንሽ ፍየሎችና ሸረሪቶች በተመለከተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ሠሪያቸውን ለመፈለግ ብዙ አትድከሙ። ጀርመን ላውሻ በ1597 የብርጭቆ ሥራ የጀመረች ከተማ ናት፤ እዚያ ይሠራሉ። ዠሌዝኒ ብሮድም፣ ሙራኖም፣ ቻይናም ይሠራሉ። አንድ ሰው በአንድ የጋዝ ነበልባል የትም ተቀምጦ ሊሠራቸው ይችላል። ስቲከር ከሌላቸው ስም አይገኝላቸውም። ውበታቸውን እዩላቸው፣ ይበቃል።

ከማስረጃዎቹ የቱን እንመን?

እኔ አንደኛ የማምነው በቅርጽ ማውጫው አብሮ የተጨመቀን ጽሑፍ ነው። በኋላ ሊጨመር አይችልም። ቀጥሎ በአሲድ የታተመ ማኅተም ነው። በእጅ የተጫረ ፊርማ ሦስተኛ ነው፤ ማንም የጥርስ ሐኪም መቦርቦሪያ የሚመስል መሣሪያ ገዝቶ ሊጽፍ ይችላል። ስቲከር መጨረሻ ነው። ከአንዱ ይላጣል፣ ሌላው ላይ ይለጠፋል። የሙራኖን ዕቃ ለማስከበር የቬኔቶ ክልል በ1994 ይፋዊ የንግድ ምልክት አውጥቷል። ያ ካለ መልካም ነው። አለመኖሩ ግን ሙራኖ አይደለም ማለት አይደለም፤ ከዚያ በፊት የተሠራው ሁሉ የለውማ።

ቢሆንም ስቲከር አትናቁ። ቀን ይነግራል። ቼኮዝሎቫኪያ የሚል ካለበት ከ1918 እስከ 1992 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ አገሪቱ ከዚያ በኋላ የለችም። ምዕራብ ጀርመን የሚል ከ1949 እስከ 1990 ነው።

የሥሩን ጭረትም እዩ። አርባ ዓመት ቡፌ ላይ ሲንሸራተት የኖረ ዕቃ ጭረቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚሄድ፣ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ብቻ የተሰበሰበ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ያረጀ እንዲመስል የተደረገ ግን መስመሮቹ ጎን ለጎን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። የሐሰት ብር መለያው መብራትም ሲበራበት አንዳንድ አረንጓዴና ቢጫ ብርጭቆ በኃይል አረንጓዴ ይበራል። ዩራኒየም አለበት ማለት ነው። ደስ ይላል፤ ግን ዩራኒየምን ብዙ አገር ስለተጠቀመበት ሠሪ አይለይም።

ወደ ዓሣችን ልመለስ። ስፌት የለውም። መቀመጫው ጠፍጣፋ ተሞርዶ ጠርዙም በቀጭኑ ሰያፍ ተሞርዷል፣ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ጭረቱ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። የማሩና የአረንጓዴው ድንበር እንደ ምላጭ ንጹሕ ነው። የላይኛው ክንፍ ላይ የመቆንጠጫውን ጥርስ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ነክሶታል፣ ወደ ጭራው እየቀነሰ። ጥርት ያለው ክፍል ግራጫ የለበትም። አንድ አረፋ ብቻ አገኘሁ፤ ከአፉ ሥር፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል። ጥግግቱ 2.53። ሆዱ ሥር የእንቁላል ቅርጽ ያለው ነጣ ያለ ቦታ አለ፤ ድሮ ስቲከር የነበረበት ነው። ስቲከሩ የለም።

እናቴን ስለ ስቲከሩ ጠየቅኳት። «ወርቃማ ነገር ነበረችው። ስወለውል ወለቀች፤ ጣልኳት» አለች። ምንም አላልኳትም።

ፋብሪካውን አላገኘሁትም። ሌላ ነገር ካልተገኘ አላገኘውም። ግን ነጋዴው እንዳለው አይደለም፤ ይሄን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ትንሽ ወረቀት ቆርጬ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ሙራኖ ሳይሆን አይቀርም። ሶመርሶ። በእጅ የተሠራ። እርሳስ የለውም፤ 412 ግራም። ፋብሪካው አልታወቀም።» እናንተም እንዲህ ጻፉ። የምታውቁትንና የምትገምቱትን ለይታችሁ ጻፉ። ሥሩን፣ ዓይኑን፣ ጎኑን ፎቶ አንሱና ወረቀቱን ከዕቃው ጋር አስቀምጡ።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ መለሰችልኝ።

«ያመጣውን ሰው ረስተሻል» አለች። «ጻፊበት። አባትሽ፣ ከጅቡቲ፣ ለጥምቀት፣ 64።»

ጻፍኩበት።